ሲስተርን ይጠይቁ፦ «ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ምን አደጋ አለው?»

ባለፈው እትም፣ በአንድ መልስ ጫፍ ላይ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ከብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል ብዬ ጣል አድርጌ ነበር። አንድ አንባቢ «ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ምን አደጋ አለው? ወንበርና ማኅተም አይደል እንዴ!» ብለው ጻፉልኝ። ሌሎቹ ግን አልቀለዱም። ከፍሳሽ መስመር፣ ከቆሻሻ መኪና፣ ከመዝገብ ቤት፣ ከአገልግሎት መስኮት ጀርባ ደብዳቤ ጎረፈ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ የእነሱ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፦ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በአንድ ማዘጋጃ ቤት የሠራተኞች ክሊኒክ ውስጥ ነው። ቁስል አጥቤያለሁ፣ የጉዳት መዝገብ ይዣለሁ፣ ከሰው ሀብት ኃላፊዎች ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አምናለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛውን የሚጎዳው ራሱን እንደ ቢሮ ስለሚያይ ነው። ፋብሪካ ቢያንስ ማሽን እንዳለው ያውቃል። ማዘጋጃ ቤት ግን መንገድ ይቆፍራል፣ እሳት ያጠፋል፣ ቆሻሻ ያነሳል፣ ሬሳ ይቀብራል፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ይይዛል። በጀት ሲያዝ የሚታየው ወንበርና ወረቀት ብቻ ነው። ጓንቱ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት» ይባላል።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወደ ደብዳቤዎቹ ልሂድ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የፍሳሽ መስመር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ የተዘጋ መስመር ልንከፍት ሄደን አንዱ ባልደረባችን ማንሆል ውስጥ ወረደ። መጀመሪያ ላይ ይሸት ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ሽታው ጠፍቷል፣ ደህና ነው» አለን። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሌላው ልጅ ሊያወጣው ሊገባ ሲል ወገቡን ጨምድጄ አስቀረሁት። እስከ ዛሬ ተቀይሞኛል። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው አወጡት፣ ተመስገን ተርፏል። ነገር ግን ራሱን ያመዋል፣ ይረሳል። አለቃችን «ያለ ትእዛዝ ነው የገባው፣ የሥራ አደጋ ተብሎ አይመዘገብም» ብሏል። ሽታው ጠፍቶ ሳለ ምንድን ነው የጣለው? አለቃችንስ እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት፣ ያንን ልጅ ወገቡን ይዘህ በማስቀረትህ ነፍሱን አድነሃል። ይቀየም። የአሜሪካ የሥራ ጤንነትና ደኅንነት ምርምር ተቋም በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ፣ እንዲህ ባለ ዝግ ቦታ ከሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ የሚበልጡት ሊያድኑ የገቡት ነበሩ። የመጀመሪያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው ይከተለዋል፣ አንዳንዴ ሦስተኛውም ይጨመራል። ይህን ለተቀየመህ ልጅ አንብብለት።

አሁን ወደ ሽታው። የበሰበሰ ቆሻሻ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። መጠኑ በጣም ትንሽ ሲሆን አፍንጫ ወዲያው ይለየዋል። ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶ ያህሉን ሲይዝ ግን ማሽተቻ ነርቩን ያደነዝዘዋል። ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለበዛ ነው ማለት ነው። ባልደረባህ «ደህና ነው» ያለው በጣም አስጊ በሆነችው ደቂቃ ነው። መጠኑ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሲሆን ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል።

ሌላም አለ። ሜቴን የሚባለው ጋዝ ከነጭራሹ አይሸትም፣ እሳት ካገኘ ደግሞ ይፈነዳል። በክብሪት ወይም በሻማ «አየር አለ ወይ» ብሎ የሚፈትሽ የድሮ ሰው በመካከላችሁ ካለ እባካችሁ ክብሪቱን ቀሙት። የኦክስጅን ማነስም ብቻውን ይገድላል። በተለመደው አየር ውስጥ 21 በመቶ ገደማ አለ፤ ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ መግባት የለም።

ስለዚህ አፍንጫ መሣሪያ አይደለም። የጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል፣ ያውም በገመድ ወርዶ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች የሚለካ። ሜቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። ከላይ ብቻ ለክቶ መግባት ራስን ማታለል ነው። ሰውየው ውስጥ እስካለ ድረስም መለኪያው አብሮት ይቆያል፤ ጭቃው ሲነካ የታመቀው ጋዝ ስለሚለቀቅ። ከዚያ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚነፋ ማራገቢያ። ከዚያ በገቢው ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ ከላይ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ከተተከለ መጎተቻ ጋር። ይህ ካለ ማንም ሳይገባ ሰው ይወጣል። በማንሆሉ አፍ ላይ የሚቆመው ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ አይሰጠውም፣ ሲጋራ ልግዛም አይልም። በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ መሟላቱን ፈርሞ የሚያስገባ ኃላፊ ይኑር። ያ ፊርማ ቢኖር ኖሮ «ያለ ትእዛዝ ገባ» የሚባል ክርክር ባልኖረ።

የአለቃህን ነገር ስንመጣ፣ ተሳስቷል። የሥራ ጉዳት ካሳ በአብዛኛው ዓለም ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ የቆመ አይደለም። ሐሳቡ በ1884 በቢስማርክ ዘመን ከወጣው የጀርመን ሕግ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ እያለ ከተጎዳ ተጎድቷል፣ በቃ። ብዙውን ጊዜ የሚያስከለክለው ሆን ብሎ ራስን መጉዳት ወይም ሰክሮ መገኘት ነው። መስመሩን ሊከፍት ነው የተላከው፤ መስመሩ ያለው ደግሞ እታች ነው። ሌላ በየት ሊገባ ኖሯል? የአገራችሁን ሕግና የተቋሙን መመሪያ ግን በእጃችሁ ያዙ፣ በቃል አትከራከሩ።

ራስ ምታቱንና መርሳቱን አትናቁት። በዚህ ጋዝ ራሱን ስቶ የተነሳ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ችግር ሊቆይ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ «ማንሆል ውስጥ በጋዝ ራሴን ስቼ ነበር» ብሎ ይንገረው፣ ካርዱ ላይም ይጻፍለት። «ራስ ምታት» ብቻ ከተጻፈ፣ በኋላ ከአደጋው ጋር የሚያያይዘው አይገኝም።

በነገራችን ላይ የእናንተ ሥራ ለሕክምና ታሪክ ባለውለታ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በሞዴና ከተማ ቤቱ የነበረውን የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚጣደፍ ጠየቀው። ሰውየው ከዚያ በላይ ከቆየ ዓይኑ እንደሚታወር ነገረው። ራማዚኒም የየሙያውን በሽታ መመርመር ያዘ፣ በ1700 አሳተመው። «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ በሽተኛን መጠየቅ ከእሱ የተወረሰ ነው። ዛሬም ስንቱ ሐኪም ይረሳዋል!

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። የሥራ ልብሱን ቤት አምጥቶ እኔ ነኝ የማጥበው፣ ከልጆቹ ልብስ ጋር። ጥቀርሻው አይለቅም። በምን ባጥበው ይሻላል?

መልስ፦ በምን ባጥበው ብለሽ የጠየቅሽኝን «ቤት አታጥቢው» ብዬ ልመልስልሽ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የሽንት ፊኛ ካንሰርና የሳንባ ሽፋን ካንሰር በግልጽ ተጠቅሰዋል። የሚቃጠለው እንጨት ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ቀለም፣ የድሮ ጣሪያ አለ። ጥቀርሻው ያን ሁሉ ይዞ ነው ቤትሽ የሚገባው። በአስቤስቶስ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ሚስቶች ልብስ በማጠብ ብቻ ታመው መሞታቸው የታወቀ ነገር ነው።

ልብሱ ጣቢያው ውስጥ ይታጠብ፤ ይህ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ እንጂ የሚስት ውለታ አይደለም። እስኪፈቀድ ድረስ እዚያው እሳቱ ቦታ ላይ በውሃ ይለቅለቅ፣ በታሰረ ላስቲክ ይቀመጥ፣ ባለቤትሽም ገላውን ታጥቦ ይምጣ። ልጆቹን ከማቀፉ በፊት በተለይ አንገቱን ይታጠብ፤ ጥቀርሻ እዚያ ይደበቃል።

ጥያቄ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ክፍላችን ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው እርጥበት አለው፣ ፋይሎቹ አርጅተዋል። ከተመደብኩ ወዲህ ያስለኛል፣ ደረቴ ያፏጫል። ሐኪም አለርጂ ነው አለኝ። አለቃዬ «አለርጂ የግልሽ ነው፣ ሥራው ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ሣጥን ስናነሳም ወገባችን አልቋል። እኔ እንኳ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ይህ የሥራ ሕመም ይባላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ቅዳሜና እሑድ ይሻልሻል? የዓመት ዕረፍት ስትወጪስ? በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፍቶ ሰኞ ስትመለሺ ከተነሳ፣ አለርጂው የግልሽ ቢሆንም የቀሰቀሰው ሥራው ነው። ሁለቱ አይጣሉም። የሻገተ ወረቀትና የእርጥበት ግድግዳ አስም ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ቀድሞ የነበረውንም ያባብሳሉ። አስም ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት በ2010 ባሻሻለው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል።

አደጋና ሕመም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ቀንና ሰዓት አለው። ቀስ ብሎ የመጣ ሕመም ግን ቀን የለውም። ስለዚህ ቀኑን አንቺ ነሽ የምትፈጥሪለት። ደብተር ያዢ። በየቀኑ የት እንደዋልሽ፣ ምን እንዳነሳሽ፣ ሳሉ ስንት ሰዓት እንደጀመረሽ፣ ማታ እንዴት እንዳደርሽ ጻፊ። የዕረፍት ቀኖችንም ጨምሪ፣ ዋናው ማስረጃ ያለው እዚያ ነው።

የትንፋሽ ኃይል የምትለካ ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ አለች፤ በአፍ ይነፋባታል፣ ቁጥር ታሳያለች። ሐኪምሽ ያበድርሽ ወይም የት እንደምትገኝ ይንገርሽ። ለጥቂት ሳምንታት በቀን አራት ጊዜ ያህል፣ በሥራም በዕረፍትም ቀን፣ ንፊና ቁጥሩን ጻፊ። በሥራ ቀን የሚወርድ፣ በዕረፍት ቀን የሚወጣ መስመር ከታየ አለቃሽ ከወረቀቱ ጋር ይከራከሩ። እኔ ይህችን መሣሪያ ከማንኛውም ደብዳቤ አብልጬ እወዳታለሁ። በአንድ ወቅት «ሥራ ጠልታ ነው» የተባለች መዝጋቢ በዚህች መስመር ነው ክፍል የተቀየረላት።

ክፍሉን በተመለከተ፣ በደረቁ መጥረግ ይቅር፤ አቧራውን አንስቶ ሳንባ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እርጥብ ጨርቅ፣ ወይም ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው መምጠጫ ይሁን። የሻገተውን ፋይል ለይቶ ማውጣት፣ ግድግዳውን ማስጠገን፣ አየር እንዲገባ ማድረግ ከማስክ ይቀድማሉ። ማስክ ካስፈለገ የቀዶ ሕክምና ማስክ አይበቃም፣ ፊት ላይ የሚገጥም፣ ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር ኤን95 የሚባል ማስክ ነው። ያውም ለጊዜው።

ሣጥኑን በአጭሩ፦ ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሳ የሚመከረው 23 ኪሎ ገደማ ነው። ከራስ በላይ ካለ መደርደሪያ፣ ወገብ ጠምዝዞ ሲሆን ከዚያ በጣም ይወርዳል። ሣጥኑን ግማሽ ሙሉት። ከባዱን በወገብ ቁመት አስቀምጡ። ጋሪ ጠይቁ፤ በጽሑፍ።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ አንሺ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ከረጢት ሳነሳ መርፌ ጭኔን ወጋኝ። ተቆጣጣሪው «አልኮል ቀባው፣ ምንም አይልም» አለኝ። እውነት ምንም አይልም?

መልስ፦ ለዚህ ልጅ ደብዳቤው እንደደረሰኝ በስልክ መልሻለሁ፤ መጽሔቱ እስኪታተም አይጠበቅም። እዚህ የማትመው ለሌሎቻችሁ ነው።

ቦታውን በውሃና በሳሙና እጠቡት። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፣ በበረኪና አትቀቡት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይሻላል። ጉበት የሚያጠቃውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዳችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ጥሩ ነው። የቴታነሱንም ጠይቁ። በዕለቱ ደም ስጡ። «ገና ምን ሊታይ ነው?» አትበሉ፤ የዚያን ቀን ነፃ መሆናችሁ ካልተመዘገበ፣ በኋላ የተገኘው ከሥራ መምጣቱን ማሳየት ይከብዳል።

ስጋቱን ደግሞ በልኩ ያዙት። በጤና ተቋማት ውስጥ ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም ጋር በተነካካ መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች በኤች አይ ቪ የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ተጥሎ የቆየ መርፌ ከዚያም ያነሰ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ሌላ ነው፤ ክትባት ከሌላቸው 100 ሰዎች የሚያዙት እስከ 30 ሊደርሱ ይችላሉ። ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪን ይፈራል፣ እኔ የምፈራው ይህንን ነው፤ ክትባቱ እያለ። ቆሻሻ አንሺ ከመቀጠሩ በፊት ሦስቱንም ዙር መከተብ አለበት ብዬ ስጮህ ነው ጡረታ የወጣሁት።

ተራ የላስቲክ ጓንት መርፌ አያስቀርም። መርፌ የማይበሳው ዓይነት አለ፣ እሱን ጠይቁ። ከረጢት ከአንገቱ ይያዝ፣ ከጭን ይራቅ፣ በእጅም በእግርም አይጠቅጠቅ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አገልግሎት መስኮት ላይ ነው የምሠራው። አንድ ባለጉዳይ ፋይሉ ጠፋ ስለው የጠረጴዛዬን ስቴፕለር አንስቶ ወረወረብኝ። ግንባሬ ላይ ትንሽ ተሰነጠቀ፤ እሱ ድኗል። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እጄ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊዬ «ባለጉዳይ ንጉሥ ነው፣ ቻዪው» አለች። ቁስሉ ስለዳነ ምን ብዬ አመለክታለሁ?

መልስ፦ ንጉሥም ቢሆን ስቴፕለር አይወረውርም።

ቁስሉ ድኗል፣ ጉዳቱ አልዳነም። እንቅልፍ ማጣቱ፣ መንቀጥቀጡ፣ ነገሩ በሐሳብሽ መመላለሱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አለበት። ከአደጋ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት በዚያው በ2010 የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2019 ያጸደቀው፣ ቁጥሩ 190 የሆነው ስምምነት ደግሞ በሥራ ቦታ ጥቃትን ሲመለከት የአለቃና የባልደረባን ብቻ ሳይሆን የባለጉዳይንም ያካትታል። አገራችሁ ፈርማ እንደሆነ የሠራተኛ ማኅበራችሁን ጠይቂ። ባትፈርምም ኃላፊሽ «ቻዪው» የማለት መብት አላገኘችም።

አሁንም ቢሆን አመልክቺ። የተወረወረበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደተባለ፣ ማን እንዳየ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማሽን ጻፊ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ያልተወረወረውንም መዝግቢ፤ ዛቻን፣ ስድብን፣ ጠረጴዛ መደብደብን።

ይህን ሳይ ሁሉም ሰው የሚለኝ ወፍራም መስታወት ይተከል ነው። አያስፈልግም አልልም፣ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ወረፋውን ነው። ሰውየው ስንት ሰዓት ቆሞ ነው የመጣው? ተራው መቼ እንደሚደርስ ያውቃል? የጎደለውን ወረቀት የነገረው የመጀመሪያው መስኮት ነው ወይስ አምስተኛው? ፋይሉን ያጠፋው ክፍል ሌላ ሆኖ ስድቡን የምትቀበዪው አንቺ ነሽ። የተራ ቁጥርና በር ላይ የተለጠፈ የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝር ብዙ ቡጢ ያስቀራሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ሰፋ ይበል፣ ከጀርባሽ መውጫ በር ይኑር፣ ብቻሽን አትቀመጪ። ስቴፕለሩንም መሳቢያ ውስጥ አስገቢው።

ጥያቄ፦ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ «ያለ አደጋ ያሳለፍናቸው ቀናት» የሚል ሰሌዳ አለን፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክፍሉ ይሸለማል። እውነቱን ለመናገር ሠራተኞቼ ጣት ተቆረጠ፣ እግር ወለም አለ እያሉ ሲመጡ «ለዚህችማ አትመዝገቡ» እላለሁ። ትንንሹን ሁሉ ከመዘገብን ሥራ መሥራት አንችልም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ በግልጽ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙው ያደርገዋል፣ አይናገረውም። ሰሌዳውን ያውርዱት።

ሰሌዳው የሚቆጥረው አደጋ ያልደረሰበትን ቀን ሳይሆን ሰው ያልተናገረበትን ቀን ነው። ሽልማቱን ለማሳጣት የሚደፍር ማን ነው? ወለም ያለው ሰው አንክሶ ይሠራል፤ ያው ደረጃ ነገ ሌላውን ይሰብራል። እኔ መዝገብ ስይዝ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ባዶ ገጽ ያለው ክፍል ነበር። መንገድ ጥገና ላይ ሆኖ በዓመት አንድ ጣት እንኳ ያልተቆረጠበት ክፍል የለም፤ ያልጻፈ እንጂ።

አንድ ታሪክ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1968 በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት የከተማው ቆሻሻ አንሺዎች ዝናብ ለመጠለል ከመኪናቸው ኋላ ገቡ። ቆሻሻ የሚጨምቀው ማሽን በድንገት ሠራና ጨፈለቃቸው። ያረጁት መኪኖች አደገኛ ናቸው የሚለው አቤቱታ ግን ከዚያ በፊት ቀርቦ ነበር። ከዚያ 1,300 የሚሆኑ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊደግፋቸው ሄዶ ነው ሚያዝያ 4 ቀን እዚያው የተገደለው። ሰው ግድያውን ያስታውሳል፣ የጭነት መኪናውን ይረሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሪቱ ትልቁን የሥራ ደኅንነት ሕግ አወጣች። የሚገርመው ሕጉ የግል ቀጣሪዎችን ሲይዝ የከተማና የግዛት መንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ አልሸፈነም፤ የራሳቸውን ፕሮግራም ባላጸደቁ ግዛቶች ዛሬም እንደዚያው ነው። በየዓመቱ የሚወጣው የዚያው አገር መረጃ ግን የአካባቢ መስተዳድር ሠራተኞች የጉዳት መጠን ከግሉ ዘርፍ እንደሚበልጥ ያሳያል። መንግሥት ሌላውን ቀጣሪ ሲቆጣጠር ራሱም ቀጣሪ መሆኑን ይዘነጋል። እዚያም እዚህም።

ምዝገባው ሥራ ያስፈታል ላሉት፣ አንድ ገጽ በቂ ነው። መቼ፣ የት፣ ምን ሲሠራ፣ በምን መሣሪያ፣ ማን አየ። በሠራተኛው አንደበት ይጻፍ፣ በዚያው ቀን፣ ቅጂው ለእሱ ይሰጥ። «በግድየለሽነት» የሚለውን ቃል ከቅጹ ያውጡት፤ ምክንያቱን ገና ሳይመረምሩ ፍርድ ሰጥተዋል። ለጥቂት የተረፈውንም ይመዝግቡ፦ የወደቀው ድንጋይ ማንንም ባይመታ፣ ገመዱ ባዶ ሳለ ቢበጠስ። ያለ ደም የተገኘ ትምህርት ስለሆነ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

በየሦስት ወሩ መዝገቡን ዘርግተው ይቁጠሩ። ስንቱ ከአንድ መኪና፣ ስንቱ ከአንድ ደረጃ፣ ስንቱ ከሰዓት በኋላ? መሸለም ካማራችሁ ደግሞ ብዙ የጻፈውንና የጻፈውን ያስተካከለውን ክፍል ሸልሙ። የበላይ አለቆችዎ ቁጥሩ ለምን ከፍ አለ ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ፤ ድሮም የነበረ ነው፣ አሁን ታየ ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ግቢ ገብቼ ውሻ ነከሰኝ፣ ትንሽ ነው። ባለቤቶቹ ውሻው ጤነኛ ነው አሉኝ። መሥሪያ ቤቴም ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውጭ የሆነ አደጋ አይመለከተንም አለኝ።

መልስ፦ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠበው። ሰዓት እያየህ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ከምታስበው ይረዝማል። ዛሬውኑ ክትባቱን ጀምር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይቀራል። ባለቤቶቹ ውሻውን አስረው ለ10 ቀን ይመልከቱት፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያስቆምህ ይችላል። አሥሩ ቀን እስኪያልቅ ብለህ ግን መጀመሩን አታዘግይ።

መሥሪያ ቤትህ የላከህ እዚያ ግቢ ነው፣ የሥራ ቦታህም እሱ ነው። ቅጹ ላይ «ውሻ ነከሰው» ብለው እንዲዘጉት አትፍቀድ። ቆጣሪ ለማንበብ በገባሁበት ግቢ፣ በሥራ ሰዓት፣ ብለህ አስጽፈው። የቆጣሪ ማንበቢያ መዝገብህ ላይ የዚያን ቤት ቁጥርና ሰዓት አስፍረህ ከሆነ ቅጂውን አያይዝ።